ቅጠሉ በበጋ፣ ውሃው በክረምት

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. የቀረበ ንግግር



የሂሳብ ሠራተኛ ወደ መድረክ ስትወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሰዓቱን ነው፤ አውቃለሁ። የዓመቱን ገቢና ወጪ ቅድም ሰምታችኋል፣ አልደግመውም። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ቅጠል ነው። አንዳንዶቻችሁ «እሷ ደግሞ ስለ ቅጠል ምን ታውቃለች?» እንደምትሉ ይገባኛል። እውነት ነው፣ የተማርሁት የሂሳብ መዝገብ አያያዝ እንጂ እርሻ አይደለም። ግን ወደ ቅጠሉ የመራኝ መዝገቡ ራሱ ነው።

የ2015ን ሂሳብ ስዘጋ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ወጪዎች ተያዩብኝ። አንደኛው «ለጋሪ፣ የግቢ ቆሻሻ ማስወጫ» ይላል። በየወሩ አለ። ሌላው «ለአትክልት ቦታ፣ ማዳበሪያና የደን አፈር መግዣ» ይላል። አንድ ቀን ጋሪው ሲጫን ቆሜ አየሁ። ጥቂት ፌስታል፣ ጥቂት የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቀረው ሁሉ የኒምና የማንጎ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ከግቢያችን እንዲወጣ እንከፍላለን፤ ቅጠሉ ሊሰጠን ይችል የነበረው ነገር ከውጭ እንዲመጣ ደግሞ እንደገና እንከፍላለን። ይህን ለሁለት ዓመት ስመዘግብ ኖሬ አንድም ቀን አልታየኝም።

ቤታችንም ያው ነው። ጠዋት ግቢ ጠርገን፣ ቅጠሉን ጥግ ላይ ሰብስበን፣ ክብሪት እንጭራለን። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ እኔም እስከ ሠላሳ ዓመቴ እንዲሁ አደርግ ነበር። የኒም ጭስ ትንኝ ያባርራል እንላለን፣ ያ ለብቻው ይቆይ። ቅጠል ሲቃጠል ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ናይትሮጅን ማለት ዩሪያ ብለን በኩንታል የምንገዛው ነገር ነው። አፈርን የሚያለሰልሰውና ውሃ የሚያስይዘው ካርቦንም አብሮ ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ የሚቀረን ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ጥቂት ፎስፈረስ ነው። አመድ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ኖቱን ጥሎ ሳንቲሙን እንደ መልቀም ነው።

ኖቱ ደግሞ ከብዷል። አገራችን የፋብሪካ ማዳበሪያ ከውጭ ታስገባለች። በየካቲት 2014 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ዋጋው በዓለም ገበያ ናረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ በብር ሲሰላ ጨመረ። እኛ ዘንድ በዚያ ላይ የመንገድ ጉዳይ አለ። ከጎንደር የሚመጣው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ማዳበሪያው ሲደርስም ቅድሚያው ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ ነው፤ ለሴት ጓሮ ማዳበሪያ የሚያከፋፍል አላየሁም።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን ልግባ።

ጥር 2016 ላይ በታላቅ ጉጉት ጀመርን። አንድ የሥልጠና ወረቀት አገኘን፣ በደጋ ለሚኖር ገበሬ የተጻፈ ነው። ክምሩ ከመሬት በላይ ይሁን፣ በየሳምንቱ ይገላበጥ፣ እርጥበቱ ይጠበቅ ይላል። እኛም እንደተጻፈው ከመርን። በዚያች የጥር ፀሐይ ክምሩ በሦስት ቀን ደረቀ። ውሃ ገዛን፣ አጠጣን፣ ደረቀ። ባገላበጥነው ቁጥር ይበልጥ ደረቀ። በመጋቢት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ለሰው የሚጠጣ ውሃ በወረፋ በሚገኝበት ሰሞን፣ እኛ ለቅጠል ጀሪካን እየገዛን ነበር። ከሁለት መቶ በላይ ጀሪካን በመዝገቤ አለ። የደረቀውን ጎን ምስጥ ገባበት። በመጨረሻ ያገኘነው አምስት ጆንያ፣ እሱም ግማሹ ገና ቅጠል የሆነ ነገር ነው። ያንን ለቃሪያ ችግኝ ሰጠነው፤ ችግኙ ቢጫ ሆነ።

ለምን ቢጫ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። በደንብ ያልበሰበሰ ቅጠል አፈር ውስጥ ሲገባ መበስበሱን እዚያው ይቀጥላል። የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕይወቶች ለሥራቸው ናይትሮጅን ያስፈልጋቸዋል፤ ደረቅ ቅጠል ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ከአፈሩ ይወስዳሉ። ለችግኛችን ያበደርን መስሎን ከችግኛችን ተበደርን።

የውሃውን ወጪ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። በበጀቱ ውስጥ «ውሃ» የሚል መስመር ነበር፣ ገንዘቡ ከመስመሩ አላለፈም፣ ደረሰኙ ሙሉ ነበር፣ ስለዚህ ፈረምሁ። ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ነው የምታየው። ገንዘቡ ግን የእናንተ መዋጮ ነበር። ጠላ ጠምቃችሁ፣ እንጀራ ሸጣችሁ፣ በየሳምንቱ ያስቀመጣችሁት ነው። ደረሰኙ ትክክል መሆኑን ጠየቅሁ እንጂ በጥር ወር ለምን እናበሰብሳለን ብዬ አልጠየቅሁም።

ሪፖርቱ ሲደርስ ከኮሚቴያችን ውስጥ «ማዳበሪያውን በገበያ ዋጋ ገምቺና በገቢ በኩል አስገቢው፤ ካልሆነ ቀጣዩ ድጋፍ ይቀርብናል» የሚል ሐሳብ መጣ። የመጣው ከክፋት አልነበረም፤ ለማኅበሩ ከማሰብ ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ያልተሸጠና ችግኝ ያቢጫጨ ነገር ገቢ ሊሆን አይችልም። ኪሳራ ብዬ ጻፍሁት። አጋሮቻችን እዚህ ስላሉ በፊታቸው ልናገር፤ ያንን ገጽ ስልክላችሁ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መፍትሔው ከወረቀት አልመጣም። በስብሰባ ላይ ኪሳራውን ሳነብ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናታችን፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ የጨረሱ፣ «ልጄ፣ ቅጠሉን ማን አስቸኮለሽ? ዝናቡ ይመጣል እኮ» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን የወራቱን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ቅጠሉ የሚረግፈው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ዝናቡ የሚጀምረው በሰኔ፣ የሚያበቃው በመስከረም ነው። ቅጠሉና ውሃው አይገናኙም። በደጋ እምብዛም የማያስጨንቀው ይህ ክፍተት እኛ ዘንድ ዋናው ነገር ነው። የእኛ ሥራ ቅጠሉን እስከ ዝናቡ ድረስ ማቆየት ብቻ ነበር።

ነገሩን ሳነብ ደግሞ ሰዎች ይህን ቀድመው እንደለዩት አየሁ። አልበርት ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ የእርሻ ባለሙያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1924 እስከ 1931 በሕንድ ኢንዶር ከተማ ሠርቷል። ከአገሬው ገበሬ ልማድ ተነሥቶ በደረጃ የሚነጠፍና የሚገላበጥ ክምር አዘጋጀ፤ እስከ ዛሬ የኢንዶር ዘዴ ይባላል። ሌላው የባንጋሎር ዘዴ የሚባለው ነው። በጉድጓድ ተነጥፎ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ሳይገላበጥ ይቀመጣል። ቀስ ይላል፣ ግን ውሃ ይቆጥባል፣ ጉልበትም አይጠይቅም። የእኛ ስህተት በበጋ የዝናብን ዘዴ መሥራታችን ነበር።

በአገራችንም ትልቅ ምሳሌ አለ። በ1988 ዓ.ም. የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት፣ ከዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ጋር፣ በትግራይ በጥቂት መንደሮች ከገበሬዎች ጋር የኮምፖስት ሥራ ጀመረ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለዓመታት የገበሬዎቹን ምርት በማሳው ላይ መዘኑ። በአብዛኛው ሰብል ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሰጠ፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘውም አላነሰም፣ አንዳንዴም በለጠ። ውጤቱን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የእነዚያ መንደሮች ገበሬዎች ኮምፖስት ብቻ አልሠሩም፤ እርከን ሠሩ፣ ከብታቸውን አሰሩ፣ ውሃ ያዙ። ይህን የምለው አንድ ጉድጓድ ቅጠል ተአምር ይሠራል ብላችሁ እንዳታስቡ ነው።

ትግራይ ውስጥም፣ በሰሜን ጎንደር ደጋም ትልቁ ችግር እበት ነው፤ እንጨት ስለሌለ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። እኛ በዚህ ዕድለኞች ነን። ቆላው ከብት የሞላበት ነው፤ እበቱ በረት ውስጥ ተከምሮ ጠራጊ ያጣል። ደጋ ቅጠልና እበት ያንሰዋል፣ እኛ ውሃ ያንሰናል።

አሁን በ2017 ያደረግነውን ልንገራችሁ። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

በታኅሣሥ፣ በግቢያችን ማንጎ ጥላ ሥር፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርን። ቅጠሉን በጆንያ ሞልተን በእግራችን ረገጥነው፤ ሲደቅ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ቦታም አይፈጅም። የማንጎ ቅጠል ወፍራምና ሰም የቀባው ስለሆነ ካልተረገጠ ዓመት ይቀመጣል። ከዚያ ስንዝር ያህል ቅጠል፣ በላዩ በውሃ የተበጠበጠ እበት፣ በላዩ እፍኝ እፍኝ አፈር፣ ትንሽ አመድ፤ እንደገና ቅጠል። በመጠን ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል ለአንድ እጅ እበትና እርጥብ ነገር ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ በጭቃ መረግነው፣ በላዩ ሣር አለበስነው፣ ተውነው።

ውሃስ? ንጹሕ ውሃ አልገዛንም። የስኒ እጣቢ፣ የአትክልት እጣቢ፣ የቡና አተላ፣ ከጠማቂዎቻችን የጠላ አተላ ተጠራቅሞ እበቱ በሱ ተበጠበጠ። የጠላ አተላ ለከብት ይፈለጋልና ሁሉንም አንወስድም። በረኪና ያለበትና ብዙ ሳሙና ያለበት ውሃ አይገባም። እርጥበቱ ልክ መሆኑን በእጅ ነው የምታውቁት፤ ጨብጣችሁ ስትጨምቁ እጅ ያርሳል እንጂ አይንጠባጠብም።

በግንቦት መጨረሻ፣ ከዝናቡ በፊት፣ ጉድጓዱን ከፍተን ያለውን ሁሉ አወጣን። ይህች ቀን የግድ ናት። አፈራችን ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋና ውሃ አያሳልፍም። ጉድጓዱን በሰኔ ብትተዉት ኩሬ ይሆናል፣ ይገማል፣ ድካማችሁም ገደል ይገባል። ያወጣነውን ከመሬት ከፍ ባለ የማሽላ አገዳ ርብራብ ላይ ከመርነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር እንዳያንስ፤ ትንሽ ክምር ሙቀት አይዝም። ከዚያ ዝናቡ በነጻ ያጠጣው ጀመር። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ጣል እናደርግበታለን፣ ሲያባራ እንገልጠዋለን። በክረምቱ ሦስት ጊዜ ገላበጥነው።

መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ረጅም ዘንግ መሐሉ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ስትመዙት ዘንጉ የሚያቃጥል ያህል ከሞቀ ደህና ነው። ሞቆ ካልሆነ ወይ ደርቋል፣ ወይ ረጥቧል፣ ወይ እበት አንሶታል። ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ደርቋል ማለት ነው። ከገማ ውሃ በዝቶበታል፣ ገላብጡት፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሩበት። ሲያልቅ ጥቁር ይሆናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሽታው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መሬት የሚሸተው ዓይነት ነው። ቅጠሉን በዓይን መለየት ከቻላችሁ ገና ነው።

በመስከረም ስድስት ጆንያ ጥቁር ነገር ወጣ፤ የገባው ሠላሳ ጆንያ የተረገጠ ቅጠል ነበር። መስከረም ደግሞ ትክክለኛ ጊዜው ነው፤ የበጋ አትክልት የሚተከለው ያኔ ነው። ለውሃ የተከፈለ ገንዘብ በዚያ ዓመት መዝገብ የለም።

ግቢ የሌላት፣ በኪራይ አንድ ክፍል የምትኖር አባል ምን ታድርግ? ለእሷ ጆንያው አለ። መቼም እኛ አገር ጆንያውንም «ማዳበሪያ» እንለዋለን፤ ስለዚህ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ውስጥ መሥራት ነው። የተረገጠ ቅጠል ሞልታ፣ እበት የተበጠበጠበት እጣቢ አጠጥታ፣ ጎኑን በምስማር በስታ፣ አፉን አስራ በጥላ ታስቀምጠው። በየሳምንቱ ማንከባለል ነው። ትንሽ ስለሆነ አይሞቅም፣ ስለዚህ ይዘገያል፤ ቅጠል በበጋ ገብቶ ለሚቀጥለው መስከረም ይደርሳል። ምስጥ ስለሚበላው ጆንያውን በድንጋይ ላይ እንጂ በባዶ መሬት ላይ አታስቀምጡ።

ስለ ኒም ብዙ ጠይቃችሁኛል። መራራ ነው፣ ተክል አይገድልም ወይ? ትኩስ የኒም ቅጠል ነፍሳትን የሚያባርር ነገር አለው፣ ያ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ሰዎች ጨቅጭቀው የሚረጩት። ያ ነገር ግን በውሃና በመበስበስ ይፈርሳል። ከሌላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ በደንብ ከበሰበሰ ችግር አላየንም። ትኩሱን በችግኝ ሥር አትከምሩት፣ ይኸው ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝን ልንገር። ባለፈው ዓመት አንዷ አባላችን ቅጠል በእጇ ስትዝቅ ጊንጥ ነደፋት። ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ተርፋለች፣ እዚህ ተቀምጣለች፣ ስሟን አልጠራም። ቅጠል ከመንካታችሁ በፊት በዘንግ አንቀሳቅሱ፤ ጫማ ሳታደርጉ አትርገጡ፤ ልጆችን አትላኩ። እባብም እዚያ ውስጥ ያርፋል።

ሌላው ካላአዛር ነው። እኛ የምንኖረው በሽታው ባለበት አገር ነው፤ በየሰሊጡ ወቅት ከደጋ የሚመጡ ሠራተኞች እንዴት እንደሚታመሙ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ፣ እርጥበትና የበሰበሰ ነገር ባለበት ትራባለች። አንዲት እህታችን ይህን አንሥታ «ለማዳበሪያ ብላችሁ በሽታ ደጃችን ልታመጡ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችን፣ ትንሽም ተቆጣን። ስናስበው ግን ልክ ናት። ስለዚህ ደንብ አወጣን። ክምርና ጉድጓድ ከሚተኛበት ቤት፣ ከበረትም ራቅ ብሎ በግቢው ዳር ይሆናል። በጭቃ ሳይመረግ የሚያድር ጉድጓድ የለም። ደጅ የሚተኛ ሰው ያለ አጎበር አይተኛም። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነና ማራቅ ካልቻላችሁ አትሥሩ፤ ቅጠላችሁን ወደ ማኅበሩ ጉድጓድ አምጡ።

እሳቱንም አልረሳሁም። ደረቅ ቅጠል በጆንያ አጠራቅማችሁ ከማድ ቤት አጠገብ ካስቀመጣችሁ፣ በመጋቢት ንፋስ አንዲት ፍም ትበቃለች። ቶሎ ወደ ጉድጓድ አስገቡት።

ስለ አጠቃቀሙ አጭር ልበል። በአንድ የችግኝ ጉድጓድ ሁለት እፍኝ ይበቃል፤ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ዋልካውን ያላላዋል፣ ስንጥቁንም ይቀንሰዋል፣ ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ እርጥበቱ ይቆያል። ባሚያ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ከርከዴ ላይ ሞክረነዋል። ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ የመጣች ጎረቤታችን አንድ ጣሳ ወስዳ በተሰበረ ባልዲ ጀርጅር ዘራችበት፤ አሁን በየሳምንቱ ከቤታችን ደጅ ቆማ «ከዚያ ጥቁር አፈር አለ?» ትላለች።

አጋሮቻችን አንድ ጥያቄ አላችሁ፤ ባለፈው በቅጹ ላይ «ከኮምፖስት ሽያጭ የሚጠበቅ ገቢ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ባዶ ትቼዋለሁ። ምክንያቱን በአካል ልናገር። የሰሊጥ እርሻ በአሥርና በመቶ ሄክታር ይቆጠራል፤ ለአንድ ሄክታር ብዙ ቶን ኮምፖስት ያስፈልጋል። ስድስት ጆንያ ይዘን ለባለሀብት ሻጭ ነን ብንል ራሳችንን ነው የምናታልለው። በከተማው ውስጥ የሚገዛን ቢኖር እንኳ፣ ከባዱን ነገር በጋሪ የምናጓጉዝበት ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ይህ ሥራ ገቢ አያመጣም፤ ወጪ ያስቀራል። የጋሪው ወጪ ከግማሽ በታች ወርዷል፣ የደን አፈር መግዛት አቁመናል፣ ጫካ ሄዶ አፈር የሚቧጥጥ ሰውም በእኛ ገንዘብ አይላክም። በየቤቱ ደግሞ ለጎመንና ለቃሪያ የሚወጣው ሳንቲም አለ፤ እሱ በእኔ መዝገብ አይገባም፣ በእናንተ መቀነት ነው የሚታወቀው። እንዲህ ያለውን የሚያስገባ ዓምድ ቅጹ ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል። እስኪኖር ድረስ ገቢ ብዬ አልጽፈውም።

የ2016ን ኪሳራ በተመለከተ፣ ኮሚቴው እንዲፈቅድልኝ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ለውሃ የወጣው የአባላት መዋጮ ከጋሪው ላይ በተረፈው ገንዘብ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቁጠባው ተመላሽ እንዲሆን ነው። ስሌቱን ሠርቼ ለሰብሳቢያችን ሰጥቻለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአጀንዳ ተራ ቁጥር አምስት ላይ ይቀርባል፣ እጃችሁን አውጥታችሁ ወስኑ። ያጸደቅሁት እኔ ስለሆንሁ ድምፅ አልሰጥም።

ኅዳር እየመጣ ነው፣ ኒሙም መቅለሉ አይቀርም። ባዶ ጆንያ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መጋዘን አምጡ፤ የሌላችሁ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት አለ፣ ፈርማችሁ ትወስዳላችሁ። አዲሶቹን ሁለት ጉድጓዶች የምንቆፍረው በታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ዶማና አካፋ ያላት ታምጣ፤ ጫማ ሳታደርጉ አትምጡ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ አተላው ግን የጉድጓዱ ነው።